እታገኝና የሚመለሱት ሳህኖች

ልጄ ትዕግሥት ከኩዌት ደወለችና «አባዬ፣ እታገኝ ጠቅልላ አገሯ ገብታለች» አለችኝ። ኮምቦልቻ ላይ ምግብ ቤት ከፍታለች አሉ።

«ስሙ ማን ይባላል? የት አካባቢ ነው?» አልኳት።

ልጄ ሳቀች። «ጠይቄያት ነበር። ‹ለጋሽ በቀለ ስሙንም ሰፈሩንም እንዳትነግሪያቸው። ምግብ ቤት እንዴት እንደሚፈለግ አስተምሬያቸዋለሁ። ካወቁ ያገኙታል፣ ካላወቁ ጦማቸውን ይደሩ› ብላለች።»

ስልኩን ዘግቼ ለብቻዬ ሳቅሁ። ሳቄን ሳልጨርስ ግን ፊቴ ሞቀ። እታገኝ ቂም የምትይዝ ሴት አይደለችም። ቢሆንም እኔ አንድ የሠራኋት ሥራ አለ። ሰባ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ጉልበቶቼ ደረጃ ባዩ ቁጥር ስብሰባ ይቀመጣሉ። እንደዚያም ሆኖ በዚያው ሳምንት ሻንጣዬን አወረድኩ። ለምን እንደሄድኩ እንዲገባችሁ ስለ እሷ ማውራት አለብኝ።

ኩዌት የሄድኩት ኮሮና ገና የሩቅ አገር ወሬ በነበረበት ጊዜ ነው። ትዕግሥት እዚያ አንድ ክሊኒክ ውስጥ የላቦራቶሪ ባለሙያ ናት፤ ማንጋፍ በሚባለው ሰፈር ባለች ሁለት ክፍል ቤቷ አንድ ወር እንድቀመጥ ጠራችኝ። ስምንት ወር ተቀመጥኩ። ከዚህ የባሰ ዓይን አውጣ እንግዳ የምታውቁ ካላችሁ አስተዋውቁኝ። እርግጥ አውሮፕላኑን ያቆመው ኮሮና ነው። ልጄ ግን እስከ ዛሬ «አንተም ደስ ብሎህ ነበር» ትለኛለች፤ አልከራከራትም።

ሠላሳ ዓመት በከተማ አውቶቡስ ትኬት ቆርጫለሁ። በዚህ የተነሳ አዲስ አበባ ውስጥ የማላውቀው ምግብ ቤት የለም ብዬ ስምል እኖር ነበር። እውነቱን ለመናገር አብዛኞቹን የማውቃቸው በአውቶቡሱ መስኮት ነው። ሰው ሲበላ እያየሁ ያለፍኩበትን ቤት ሁሉ የበላሁበት ይመስለኛል።

ልጄ ፋታ የሌላት ሠራተኛ ስለሆነች እኔን ከተማ የማሳየቱን ነገር ለጓደኛዋ ሰጠችው። ጓደኛዋ እታገኝ ናት። አርባዎቹን ያጋመሰች፣ አጠር ያለች፣ ስትራመድ የሆነ ሰው የሚያሳድዳት የምትመስል ሴት። ሳልዋ በሚባለው የቪላ ሰፈር አንድ ቤተሰብ ዘንድ አሥራ አንድ ዓመት ወጥ ቤት ሆና ሠርታለች። ልጆቹ አድገው ቤቱ ሲቀዘቅዝ ማዳም የእታገኝን የመኖሪያ ወረቀት ወደ ወንድሟ አዛወረችላት። ወንድምየው አቡ ናስር ይባላል፤ ፋሃሂል በሚባለው ሰፈር ምግብ ቤት አለው። እዚያ ሥራዋ ሳህን ማጠብ ሆነ። ምድጃው ፊት የሚቆሙት ሁሉም ወንዶች ነበሩ፤ እሷን ያሰባት አልነበረም።

የእረፍት ቀኗ ማክሰኞ ነው። በመጀመሪያው ማክሰኞ ይዛኝ ወጣች፤ ወጣች ማለቴ እኔ ፊት ፊት እየሄድኩ መራኋት። ባሕሩ ዳር ሰማያዊ መብራት የለበሰ፣ የምግቡን ፎቶ ደጁ ላይ የሰቀለ ቤት አየሁና «እዚህ ነው!» አልኩ።

«ጋሼ፣ እርግጠኛ ነዎት?»

«የምግብ ነገር ለእኔ ተዪው።»

ዓሣ መጣልኝ። ያ ዓሣ ባሕሩን ያየው ከእኔ ኋላ ሳይሆን አይቀርም፤ ከማቀዝቀዣ ወጥቶ ገና አልሞቀውም። አስተናጋጁ መጥቶ ጥሩ ነው ወይ ሲለኝ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ጎንበስ እያልኩ አመሰገንኩ። እታገኝ ዝም ብላ ሳህኔን ታያለች። ከግማሽ በላይ አልተነካም።

ስንወጣ «ጋሼ፣ እርስዎ መብራት ነው የበሉት» አለችኝ።

«ጥሩ ነው አልኩ እኮ!»

«ያለው አፍዎ ነው። አፍ ይሉኝታ አለው። ሳህን ግን ይሉኝታ የለውም፤ የተረፈውን ተሸክሞ ነው የሚመለሰው። እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ የማነበው እሱን ነው።»

ያን ጊዜ ቀልድ መስሎኝ ነበር። በሚቀጥለው ማክሰኞ መሀል ከተማ፣ ሙባረኪያ የሚባለው አሮጌው ገበያ ወሰደችኝ። ምግብ ቤቶቹ ፊት ለፊት ተደርድረው «ግቡ፣ ግቡ» ይላሉ። እሷ ቀና ብላ እንኳ ሳታያቸው በአንዲት ጠባብ መተላለፊያ ታጥፋ ከኋላቸው ወጣች። እንደዚያ ያለ ቦታ ጎብኚ አይሄድም። የጋዝ ሲሊንደር፣ የሽንኩርት ጆንያ፣ እርጥብ ወለል፤ በየበሩ አንድ ሳህን አጣቢ ቁጢጥ ብሏል። እያንዳንዱን በሰላምታ ታዋራለች፤ በሰላምታው መሀል ዓይኗ ሳፋው ውስጥ ይገባል።

«ሩዙ ተመልሷል። እንለፍ።»

«እዚህስ?»

«ሰላጣውን በልተው ሥጋውን ትተዋል። ምን ማለት ነው?»

«ሥጋው ጠንክሯል?» አልኩ፣ እንደ ተማሪ።

«ጎበዝ። ያቺን ድመት ደግሞ ያዩዋታል? እንዴት ወፍራለች! የኋላ በሩ ላይ የወፈረ ድመት ካለ ከፊት በሩ እንዳይገቡ።»

አራተኛው በር ላይ ሳፋው ውስጥ ያሉት ሳህኖች በዳቦ ተጠርገው አጥንትና የሎሚ ልጣጭ ብቻ ይዘዋል። ድመቲቱ ከስታ፣ ተቀይማ ግድግዳ ተደግፋለች። «ይኸው» አለች እታገኝ። ዞረን ከፊት ገባን። ደጁ ፎቶ የለው፣ መብራት የለው፤ ወንበሩ አንድ እግሩ አጭር ነው። የበላሁትን ጥብስ እስከ ዛሬ በስሙ አልጠራውም፤ ስሙን ሳልጠይቅ ነው ያለቀው። ስጨርስ በአገጯ ወደ ሳህኔ አመለከተችኝ። እሱም ታጥቦ የመጣ ይመስል ነበር።

መጠጥን በተመለከተ አንድ ነገር ልናዘዝ። የመጀመሪያው ቀን «ቀዝቃዛ ቢራ የት ይገኛል?» ብዬ ጮክ ብዬ ጠይቄያታለሁ። ቢራ የማይሸጥበት አገር መሆኑን ሳላጣራ ነው የመጣሁት። እታገኝ ግራ ቀኙን አይታ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። ከዚያ ከረክ የሚሉትን፣ በወተትና በሄል የሚፈላውን ሻይ አስለመደችኝ። ሻይ ሳህን የለው፣ በምን ይታወቃል? በታክሲዎች። «ሾፌር ለመጥፎ ሻይ ሞተር አያጠፋም» ትለኛለች። ሞተራቸውን ያጠፉ አምስት ታክሲዎች የቆሙበት ጋ እንቆማለን። ዐቢይ ጾም ከገባ በኋላም አላረፈችም፤ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ጅሊብ የሚባለው የሠራተኞች ሰፈር ወስዳ በሙዝ ቅጠል ላይ የሚቀርብ የሕንዶች ምስር አበላችኝ። ቅጠሉ ስለማይታጠብ ቆሻሻ መጣያውን ገልጣ አየች። እኔ ሰው አየን አላየን እያልኩ ዘበኛ ቆሜላት ነበር።

አንድ ቀን ሻይ ስንጠጣ ሳልዋ ስለነበረችበት ቤት ጠየቅኋት። በዚያ ቤት ምሳ ያለ በግ ወይ ያለ ዶሮ አይወጣም። እሷ ደግሞ ረቡዕና ዓርብ፣ ዐቢይ ጾም፣ የሐዋርያት፣ ፍልሰታ፣ የነቢያት፣ አንዱንም አትዘልም።

«ታዲያ ጨዉን እንዴት ታውቂ ነበር?»

«አሸታለሁ።»

«ጨው ይሸታል?»

«መረቁ ጨው ሲያንሰው ሌላ ነው ጋሼ፣ ሲበቃው ሌላ ነው። እንፋሎቱ ይነግረኛል። ማዳም መጀመሪያ ‹ቅመሽ!› ትለኝ ነበር። ጾመኛ ነኝ አልኳት። አንድ ወር አየችኝ፤ ከዚያ በኋላ እንግዳ ሲመጣ ‹ይቺ ሴት ሳትቀምስ ነው የሠራችው› እያለች ትኩራራብኝ ጀመር።»

አፍንጫዋን ጠቆም አድርጋ «እንጀራዬ ይቺ ናት» አለች። ልብ ብዬ አልሰማኋትም፤ ሻዬ ይቀዘቅዝብኛል ብዬ እየተጣደፍኩ ነበር።

በመጋቢት ከተማው ተዘጋ። ምግብ ቤቱ፣ ገበያው፣ አውሮፕላኑ በአንድ ሳምንት ውስጥ ጸጥ አሉ። ሰዓት እላፊ ታወጀ። የአቡ ናስር ሠራተኞች በአንድ ክፍል ታጭቀው ነበርና ትዕግሥት እታገኝን አምጥታ ከእኛ ጋር አስቀመጠቻት። ልጄ ክሊኒክ ውላ ትመጣለች፤ እኔና እታገኝ በረንዳ ላይ ቆመን በሞተር ብስክሌት ምግብ የሚያደርሱትን ልጆች እንቆጥራለን።

እታገኝ ሞተር ብስክሌቶቹን እያየች ራሷን ትነቀንቃለች። «ካርቶን አይመለስም ጋሼ። ማን ምን እንደተወ በምን ይታወቃል? ከተማው ሁሉ እኮ ይሉኝታ ውስጥ ገባ።»

በሰኔ በሽታው ከእኛም ቤት ገባ። ሦስታችንም ተኛን። እኔ ትኩሳቱ ሲነሳብኝ «ማርያምን፣ ከዳንኩ ሲጋራ አላጨስም» ብዬ ተሳልኩ፤ ካቆምኩ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ስለት ሲረክስ እንዲህ ነው። ደግነቱ ሦስታችንም ተነሳን።

እታገኝ በተነሳች ማግስት ሽሮ ልትሠራ የበርበሬውን ጣሳ ከፍታ አፍንጫዋን ከተተችበት።

«ጋሼ፣ የዚች በርበሬ ሽታ ጠፍቷል እንዴ?»

እኔ ክፍሉ ሌላ ጫፍ ተቀምጬ ሦስቴ አስነጠሰኝ። እሷ አላስነጠሳትም። ጣሳውን አስቀመጠች። ሄዳ የበረኪናውን ጠርሙስ ከፈተች፤ አሸተተች። ነጭ ሽንኩርት በመዳፏ ጨፍልቃ አሸተተች። ከዚያ ሽንኩርቱን እንደያዘች ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

«ይመለሳል» አለቻት ትዕግሥት ስትመጣ። «ለአብዛኛው ሰው ይመለሳል።»

«መቼ?»

ልጄ ላቦራቶሪዋ ያላረጋገጠላትን ነገር አታወራም። ቦርሳዋን አስቀምጣ እጇን ልትታጠብ ሄደች። እታገኝ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁልጊዜ ጠዋት ጣሳውን ከፍታ ታሸታለች። እኔም ከአልጋዬ ሆኜ እስኪያስነጥሳት እጠብቃለሁ። ሰው እንዲያስነጥስ በዚያ ዘመን የጸለይኩ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

በነሐሴ አቡ ናስር ደወለ። ምግብ ቤቶች ሊከፈቱ ነው። ዋናው ወጥ ሠሪ ለእረፍት አገሩ ሄዶ እዚያው ተዘግቶበታል። እኅቱ ማዳም «ያቺ ሴት እያለችልህ ሌላ ትፈልጋለህ?» ብላዋለች። ሐሙስ ለምሳ መጅቡስ ትሥራ፤ በበግ መረቅ የሚበስለውን፣ ቅመም የበዛበትን የኩዌቶች ሩዝ። ከጣፈጠ ወጥ ቤቱን ትረከባለች። ካልጣፈጠ ግን ሰው መቀነሱ ስለማይቀር ሳህን የሚያጥብ አንድ ሰው ይበቃዋል፤ እሷ በሚቀጥለው ወር ትሳፈራለች። አገሯ ደግሞ ኮምቦልቻ የሚጠብቋት እናቷና አሥረኛ ክፍል የደረሰች ልጅ አሉ። ሌላ ጧሪ የላቸውም።

ስልኩን ዘግታ አየችኝ። «ጋሼ፣ ፍልሰታ ነው። እኔ አልቀምስም። ሽታውም የለኝም። ምላስ ያበድሩኛል?»

እዚህ ጋ ነው ጥፋቴ የሚጀምረው። «ምላስ ብቻ?» አልኳት። «ጭንቅላቴን ሙሉውን ውሰጂው! ለእኔ አታስቢ፤ እኔን ሐኪምም ፈቶኛል፣ የነፍስ አባቴም ፈተውኛል።» ማንም አልፈታኝም። ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ ፍልሰታን ገድፌ አላውቅም። ያን ሰዓት ግን ሰው የሚፈልገኝ ሽማግሌ መሆን ጣፈጠኝ።

ሐሙስ ዕለት ዕቃ ላግዛት ብዬ አብሬያት ሄድኩ። ወጥ ቤቱ ውስጥ ያለነው ሦስታችን ነን፤ እሷ፣ እኔ፣ ሻፊቅ የሚባል ፂማም የባንግላዴሽ ሰው። ሻፊቅ ከእሷ ጋር ሳህን ሲያጥብ የኖረ ነው። ፍልሰታ አይመለከተውምና ያን ቀን «ቅመስልን» ብንለው ሙሉ ጭልፋ ይጠጣልን ነበር። ይህን ያወቅሁት ኋላ ነው ብል ውሸት ነው፤ ያን ጊዜም አውቄዋለሁ።

እታገኝ ጨዉን ሆን ብላ ሳሳ አድርጋ ጀመረች። ማሟያው በእኔ ቃል ነው። መረቁን በማንኪያ ቀድታ ሰጠችኝ።

ማስኬን ዝቅ አደረግሁ። እንፋሎቱ ፊቴን መታው። እናቴ በፍልሰታ ወተት ያለበትን ቅል ከፍ አድርጋ ትሰቅል የነበረው ትዝ አለኝ፤ እጄ ቆመ። «አልችልም» ማለት ነበረብኝ። አንድ ቃል ናት። እኔ ግን እንደ ጨዋ ሰው ፊቴን አዙሬ ማንኪያውን መታጠቢያው ውስጥ ደፋሁት፤ ከንፈሬን በእጄ ጀርባ ጠረግሁ፤ ዞርኩ።

«እህ?»

«ልክ ነው! ጨዉ ልክክ ብሏል! እንዳትነኪው!»

አላጣራችም። አመነችኝ። ሩዙን ጨመረች።

አዳራሹ ውስጥ አቡ ናስር፣ ሒሳብ ሠራተኛው፣ ሁለት አስተናጋጆችና ሾፌሩ ተራርቀው ተቀምጠዋል። ትሪው ገባ። እታገኝ ሳህን የሚመለስበት መስኮት ጋ ቆመች። ከአዳራሹ «ዜን፣ ዜን» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ጥሩ ነው ማለታቸው ነው።

«ሰማሽ?» አልኳት።

«አፋቸው ነው» አለች።

የመጀመሪያው ሳህን ተመለሰ። ሥጋው ተበልቷል። ዳቁስ የሚሉት የቲማቲም ማባያ ሳህኑ እስኪያበራ ተጠርጓል። ሎሚው ተጨምቆ ልጣጩ ቀርቷል። ሩዙ ግን ወደ ዳር ተገፍቶ ተቆልሏል። ሁለተኛውም እንደዚሁ። እታገኝ ሳህኖቹን ጎን ለጎን አስቀምጣ ጎንበስ ብላ አየቻቸው፤ ደብዳቤ የምታነብ ትመስል ነበር።

«ሩዙን በዳቁስና በሎሚ ሊያስተካክሉት ሞክረዋል። ማባያው ሲያልቅ ተዉት። ጨው የለውም።» ቀና አለች። «ጋሼ፣ ቀምሰዋል?»

ወለሉን አየሁ።

«በማርያም ጾም፣ በማርያም ይንገሩኝ። ቀምሰዋል?»

«አልቀመስኩም።»

ትጮህብኛለች ብዬ አንገቴን ሰበርኩ። አልጮኸችም። አንድ ጊዜ ዓይኗን ጨፈነች፤ ስትገልጠው እኔን አይደለም ያየችው፣ ድስቱን ነው። ግማሹ ሩዝ ገና እዚያ አለ። ውኃ ጣደች፤ ጨውና የደረቀ ሎሚ ጨመረች፤ አፈላችው። «ሻፊቅ፣ ና!» አለች። ሻፊቅ ቀመሰ፤ ጣቱን አነሳ፤ ትንሽ ጨመረች፤ እንደገና ቀመሰ፤ ፂሙን ጠረገና ራሱን ነቀነቀ። ያን ውኃ ሩዙ ላይ በስሱ ረጭታ በጨርቅ ከደነችው። አምስት ደቂቃ ያህል አቆየችው። ከዚያ ትሪውን ራሷ ተሸክማ ወጣች፤ እኔ በበሩ ስንጥቅ እያየሁ ነው።

በዐረብኛ «የመጀመሪያው ጨው አልነበረውም። ይኸኛውን ብሉ» አለች።

አቡ ናስር ግራ ገባው። «ማን ነገረሽ? እኛ አንድም ነገር አላልንም።»

«ሳህናችሁ።»

ሒሳብ ሠራተኛው ሳቁን በሳል ሸፈነው። አቡ ናስር አልሳቀም። በሉ። እታገኝ ተመልሳ መስኮቱ ጋ ቆመች። ከአዳራሹ አሁን ምንም ድምፅ አይሰማም፤ «ዜን» የሚልም የለም። ያ ዝምታ ለእኔ የፍርድ ቤት ዝምታ ነበር። እሷ ግን ትከሻዋ ቀስ እያለ ወረደ።

ሳህኖቹ መጡ። አጥንት ብቻ።

አቡ ናስር ራሱ ተከትሏቸው ወጥ ቤት ገባ። ሳህኖቹን አየ፤ እሷን አየ፤ እኔን ደግሞ «ይሄ ሽማግሌ ምን ይሠራል እዚህ?» በሚል ዓይን አየኝ። ከዚያ ከኪሱ የወጥ ቤቱን ቁልፍ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ቅዳሜ ጠዋት እንድትከፍት ነግሯት ወጣ።

ወደ ማንጋፍ ስንመለስ ታክሲ ውስጥ እሷ ቁልፉን፣ እኔ ጉልበቴን ይዘን ተቀመጥን። ኋላ ላይ «እታገኝ፣ ጥፋተኛ ነኝ» አልኳት።

«አለመቅመስዎ አላስቀየመኝም። እኔም አልቀመስኩም እኮ። ‹ልክ ነው› ማለትዎ ነው ያስቀየመኝ።» ቁልፉን እያገላበጠች ደግሞ «‹አልችልም› ቢሉኝ ምን አደርግዎ ነበር፣ ጋሼ? እበላዎ ነበር?» አለችኝ።

የታክሲውን ሒሳብ ልክፈል ብዬ ኪሴን መዳበስ ጀመርኩ።

በመስከረም አውሮፕላን ተገኘልኝና ተመለስኩ። እታገኝ ሥራ ላይ ስለነበረች ሳንሰነባበት ቀረን፤ ያ ነገር ውስጤ ቀርቷል። ወሬዋን ግን ከልጄ እሰማለሁ። ሻፊቅን ወደ ምድጃው አምጥታ ምላሷ አድርጋዋለች። በየቀኑ የመጀመሪያዎቹ ሳህኖች ሲመለሱ ሥራ አቁማ ታያቸዋለች። ሽታ ግን የለም። ገና አለፈ፣ ጥምቀት አለፈ፤ በየጠዋቱ በርበሬውን ታሸታለች፣ የለም።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ስልኬ የድምፅ መልእክት አመጣ። ከፈትኩት። ዕቃ ይንኳኳል፣ ሰው ያስላል፣ እታገኝ ትጮኻለች።

«ጋሼ! ጋሼ! ሩዝ አሳረርኩ! አሥራ አራት ዓመት አሳርሬ አላውቅም፤ ዛሬ አሳረርኩ! ዕቃ ቤት ሆኜ ሸተተኝ! ሻፊቅ ሳያይ፣ ማንም ሳይነግረኝ፣ ሸተተኝ! ድስቱ ተበላሽቷል፣ ወይኔ እንዴት ያለ ጥሩ ሽታ ነው!»

ያን መልእክት ሰባት ጊዜ ሰማሁት። ባለቤቴ ነፍሷን ይማርና ሩዝ ባሳረረች ቁጥር እነጫነጭባት ነበር። ያን ቀን አረረ በተባለ ሩዝ ሰፈሩ እስኪሰማኝ ሳቅሁ።

እንግዲህ ኮምቦልቻ የወረድኩት በዚህ ሁሉ ምክንያት ነው። የሄድኩት በነሐሴ፣ በፍልሰታ ነው፤ ሳስበው ቀኑን የመረጠልኝ ኅሊናዬ ሳይሆን አይቀርም። ከአውቶቡስ ስወርድ አንድ ደላላ መሰል ሰው «አባባ፣ ጥሩ ምግብ ቤት ላሳይዎት?» አለኝ። «አመሰግናለሁ፣ እኔ በኋላ በር ነው የምገባው» አልኩት። እንደ ሌባ አየኝ፤ አልፈረድኩበትም።

በዋናው መንገድ ከተደረደሩት ምግብ ቤቶች ኋላ፣ ጭቃውን በከዘራዬ እየለካሁ ዞርኩ። አንደኛው በር ላይ አንዲት ልጅ ሙሉ ትሪ ስትደፋ አየሁ፤ አለፍኩ። ሁለተኛው በር ላይ አንድ ውሻ ተንጋሎ ተኝቷል፤ ሆዱ እንደ ከበሮ ነው። አለፍኩ። ሦስት አራት ቤት ቀጠልኩ፤ ጉልበቶቼ አቤቱታ አስገቡ። ከዚያ አንድ ሰማያዊ የቆርቆሮ በር ጋ ደረስኩ። ደጁ ላይ አንዲት ከሲታ ድመት በቅያሜ ተቀምጣለች። ሳፋው ውስጥ ያሉት ትሪዎች በእንጀራ ተጠርገው የፋብሪካ ማኅተማቸው ይነበባል።

ድመቲቱን «አይዞሽ፣ ሌላ ቤት ሞክሪ» አልኳት።

ከውስጥ «ማነው ከድመቴ ጋር የሚያወራው?» የሚል ድምፅ መጣ። በሩ ተከፈተ። እታገኝ ናት፤ ሽበት ጣል ጣል አድርጎባታል፣ እጇ ላይ ጭልፋ ይዛለች። ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

«ዘገዩ።»

«ከተማሽ ውስጥ ወፋፍራም ውሻ በዛብኝ።»

ሳቋን ዋጠችው። አላቀፈችኝም፣ እንኳን ደህና መጡም አላለችኝም። ተመልሳ ገባችና በማንኪያ ምስር ወጥ ቀድታ መጣች። የጾም ወጥ ነው፤ ማምለጫ የለኝም። አፍንጫዬ ሥር ያዘችልኝ።

«ይቅመሱ።»

ፊቴን አላዞርኩም። እያየችኝ ከተትኩት፤ አላመጥኩ፤ ዋጥኩ። ከኋላዋ ወጥ ቤቱ ውስጥ ያሉት ሴቶች ሥራቸውን አቁመው ያዩኛል። አንዷ እንደ እናቷ እንደ እታገኝ አጠር ያለች ወጣት ናት። ወገቤ እንደ ልማዱ ሊያጎነብስ፣ እጄ ወደ ደረቴ ሊሄድ ሲል ያዝኩት።

«በዝቷል» አልኩ።

«ምኑ?»

«ጨዉ። በጣም በዝቷል፣ እታገኝ። አይበላም።»

እታገኝ ማንኪያውን ከእጄ ተቀበለችኝና ያን ቀን ፋሃሂል ወጥ ቤት ያሳጣኋትን ሳቅ ከልቧ ሳቀች። ከጀርባዋ ሌላ ድስት በዝግታ ይንተከተካል።

«ያኛው ነው የሚበላው። ይሄን ጨው አብዝቼ ለእርስዎ ብቻ ነው የሠራሁት፤ ትዕግሥት ‹አባዬ ተሳፍሯል› ካለችኝ ከትናንት ጀምሮ ይጠብቅዎታል» አለችና በሩን ወለል አድርጋ ከፍታ ወደ ውስጥ ተጣራች፦

«ሳህን አምጡ! ጋሼ ቀመሱ!»